ጋራውን ሁለት ጊዜ የቆጠሩት እትዬ ሰዓዳ

ስልኬ ሲጠራ ደብረ ሲና ነበርኩ። የጫንኩትን የምርጥ ዘር ከረጢት አራግፌ፣ ጉሙ እስኪገለጥ መኪናው ውስጥ ሻይ እየጠጣሁ ነው። የደወለው ሙሄ ነበር። ሙሄ ለወሬ አይደውልም፤ ስሙን ሳይ ብርጭቆውን አስቀመጥኩት።

«ደምሴ፣ አክስቴ ወደ አኼራ ሄደች።»

«መቼ?»

«ዛሬ ጧት። አሁን ይዘናት ወደ መቃብር እየወጣን ነው። አትደርስም፤ ግን ከሌላ ሰው አፍ እንዳትሰማው ብዬ ነው።»

ብርጭቆውን ለሻይ ሻጯ መልሼ ቁልቁለቱን ጀመርኩ። ከጥቂት ኩርባ በኋላ ጉሙ አለቀና የይፋት ቆላ ከታች ተዘርግቶ ታየኝ፤ ሙቀቱም ወዲያው በመስኮቱ ገባ። ሸዋ ሮቢት ስደርስ አፈሩ ተመልሶ፣ ሰዉ መበተን ጀምሮ ነበር። እንዳለው አልደረስኩም። ሙሄ ትከሻዬን ያዘኝና ወደ ቤት ይዞኝ ሄደ። ዓይኑ ደረቅ ነበር።

እኔ ሹፌር ነኝ። የሙሄን አክስት፣ እትዬ ሰዓዳን እስካውቃቸው ድረስ ስለ ዛፍ የማውቀው ጥላውን ብቻ ነበር። ለስድስት ዓመት በአንዲት አሮጌ ፒክአፕ ይዣቸው ቆላውን ዞሬያለሁ። መሥሪያ ቤታችን ውስጥ የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያ ነበሩ፤ ሥራቸው በየጋራው፣ በየወንዙ ዳር፣ በየተከለለው ቦታ ምን ምን እንደበቀለ መዝግቦ አንዱን ቦታ ከሌላው ጋር ማስተያየት ነው። ቀጠን ያሉ፣ ጠይም፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሴት ነበሩ። ካራቆሬ አካባቢ ተወልደው ሸዋ ሮቢት ያደጉ ናቸው። ኦሮምኛውንም አማርኛውንም እኩል ይናገራሉ፤ አንዳንድ የዕፅዋት ስም ደግሞ ከአያታቸው በወረሱት አርጎብኛ ነበር የሚጠሩት። ስሙን እኔ ስደግመው ይስቁብኛል።

መኪናዬ ውስጥ አንድ ቃል ከለከሉኝ። «ያው ነው» ማለት አይቻልም ነበር።

አብረን መሥራት በጀመርንበት ሳምንት ነው። ወደ ካራቆሬ ስንሄድ አንድ ወንዝ ተሻገርን። በስተግራ ያለው ቁጥቋጦና በስተቀኝ ያለው ይለያይ እንደሆነ ጠየቁኝ። ጥያቄው የጨዋታ መስሎኝ፣ «ያው ነው እትዬ፣ ቁጥቋጦ ነው» አልኳቸው።

«አቁም» አሉኝ።

አቆምኩ። ወርደው ከግራው ወገን ካየሁት ከእያንዳንዱ ዓይነት አንዳንድ ቅጠል ቀጥፌ እንዳመጣ አዘዙኝ። ከዚያ ከቀኙ ወገን። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ቅጠሎቹን ሞተሩ ላይ ባለው ቆርቆሮ ላይ በሁለት ረድፍ አስደረደሩኝ። በግራው ስምንት፣ በቀኙ ሰባት ሆነ።

«አሁን መንትያ ያላቸውን አውጣ።»

አወጣሁ። ሦስት ናቸው። ግራር፣ ቁርቁራ፣ ጉመሮ።

«እንግዲህ ስንቱ ነው ያው?» አሉኝ። እየቀለዱ አልነበረም። መልሱን እስክሰጥ ጠበቁ።

በመንገድ ላይ ስሌቱን ያስረዱኝ በሠርግ ነው። «ያንተ ሠርግ ላይ አሥር ሰው መጣ እንበል» አሉ።

«አሥር ብቻ?»

«ዝናብ ጥሎ ነው እንበል። የወንድምህም ሠርግ ላይ አሥር መጣ። ከነዚህ ውስጥ አራቱ ሁለቱም ሠርግ ላይ ነበሩ። አራቱን እጥፍ አድርግ፣ ስምንት። የሁለቱን ሠርግ እንግዳ ደምር፣ ሃያ። ስምንትን ለሃያ አካፍል። ከግማሽ በታች ይመጣል። ሁለቱም ሠርግ ላይ ያው ሰዎች ብቻ ቢሆኑ አንድ ይመጣል። አንድም ሰው ካልተደገመ ዜሮ ነው። ሌላው ነገር ሁሉ መሐል ላይ ነው፤ ሰው የሚዋሸውም መሐሉ ላይ ነው።»

ይህን ከነገሩኝ ወዲህ ሁለት መስክ ጎን ለጎን ሳይ ሳላስበው መቁጠር ጀመርኩ።

አራት ካስማና አንድ ረጅም ገመድ ነበራቸው። ጋራ ላይ ወጥተን ገመዱን በአራት ማዕዘን እንወጥራለን፤ እሳቸው ውስጡ ገብተው ያለውን ሁሉ ይመዘግባሉ። ከዚያ ነቅለን ራቅ ብለን እንደገና እንተክላለን። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ነው። ያላወቁትን ቅጠል ጨፍልቀው ያሸታሉ፤ ካሸተቱም በኋላ ካላወቁት የሻሻቸውን ጫፍ ፈትተው እዚያ ይቋጥሩታል። ሲያስቡ በአውራ ጣታቸው የጣቶቻቸውን አንጓ አንድ በአንድ ይነካሉ። የሰላት ሰዓት ሲደርስ ጆንያ አንጥፈው ይሰግዳሉ፤ እኔ ገመዱን ይዤ እጠብቃለሁ። ምሳችን ብዙ ጊዜ ማንጎ ነው። የመኪናዬ ወንበር ሥር በጋዜጣ መሐል በተጫነ ቅጠል ተሞልቶ ስለነበር፣ መኪናዋ ሁልጊዜ ሣር ሣር ትሸት ነበር።

የማልረሳው ነገር የተፈጸመው አጣዬ ከተማ በግጭቱ ከተቃጠለች በኋላ ባሉት ጊዜያት ነው። ቤቱን መልሶ የሚሠራው ሰው ስለበዛ በየአቅጣጫው ድንጋይና ጠጠር ይፈለግ ነበር። ሾላ በር የሚባል ጋራ ከአስፋልቱ ብዙም አይርቅም፤ ድንጋዩም ጥሩ ነው። ሥራ ያጡ ወጣቶች በማኅበር ተደራጅተው ጋራው ለድንጋይ ማውጫ ይሰጠን ብለው አመለከቱ። ከነሱ አንዱ ሙሄ ነበር። ሙሄ የእትዬ ሰዓዳ የእህት ልጅ ነው። እናቱ በልጅነቱ ስለሞተች ያሳደጉት፣ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። የራሳቸው ልጅ አልነበራቸውም። ተመርቆ ሦስት ዓመት ቤት ተቀምጧል።

ችግሩ ሾላ በር ባዶ ጋራ አለመሆኑ ነው። ለብዙ ዓመት ከልቅ ግጦሽ ተከልሎ የቆየ ነው። ከሥሩ ያሉ መንደሮች ሴቶች በተራ ሣሩን አጭደው ላሞቻቸውን ያበላሉ፣ ይሸጣሉ፤ ቀፎም ሰቅለዋል። የነሱ ሰብሳቢ እትዬ አስካለ ይባላሉ፤ የቀወት ገበሬ ሚስት፣ ቁመታቸው ዘለግ ያለ፣ ስብሰባ ላይ ቆመው እንጂ ተቀምጠው የማይናገሩ ሴት ናቸው።

ኃላፊያችን መፍትሔ አገኘሁ አለ። ከሾላ በር ፊት ለፊት ጉሎ ጋራ የሚባል ሌላ የተከለለ ጋራ አለ። «ሴቶቹ ወደ ጉሎ ጋራ ይዛወሩ» አለ ስብሰባው ላይ። «ሣርም አለው፣ ግራርም አለው። ያው ነው።»

እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ ነበር። ዞሬ እትዬ ሰዓዳን አየኋቸው። አውራ ጣታቸው የጣታቸውን አንጓ እየነካ ነው።

«ይቆጠር» አሉ በቀስታ።

ኃላፊው ጥቂት አሰበና ተስማማ። ሁለቱ ጋራዎች ከግማሽ በላይ ከተመሳሰሉ ሾላ በር ለማኅበሩ ይሰጣል፤ ካልተመሳሰሉ ለወጣቶቹ ሌላ ቦታ ይፈለጋል ተባለ። ቆጣሪዋ እትዬ ሰዓዳ ናቸው። ሁለቱም ወገን አጨበጨበ። ወጣቶቹ ያጨበጨቡት የሙሄ አክስት ስለሆኑ ነው። ሴቶቹ ያጨበጨቡት ሐቀኛ መሆናቸውን ስለሚያውቁ ነው።

ሾላ በርን በመስከረም ቆጠርን። ሣሩ ወገብ ይደርሳል። በያንዳንዱ ገመድ ውስጥ ብዙ ሰዓት ይቆያሉ። ጋራው ወገብ ላይ አንድ ፈፋ አለ፤ ከድንጋይ መሐል ቀጭን ውኃ ይወርድበታል፤ ዶቅማና ሾላ፣ ሰንሰልም ይበቅልበታል፤ እዚያ ሲገቡ እንደ ሰው ቤት «አሰላሙ ዓለይኩም» ብለው ነው የሚገቡት። ቦታውን እንደሚወዱት ማንም ያውቃል።

ወደ ጉሎ ጋራ ልንሻገር ስንል መንገድ ተዘጋ። በዚያ ጊዜ በእኛ አካባቢ መንገድ መዘጋት ያልተለመደ ነገር አልነበረም። ሰዉ ቤቱ ተቀምጦ ወሬ ይጠብቃል። ሲከፈት ሥራ ተደራርቦ ቆየን፤ እንደገናም ተዘጋ። ጉሎ ጋራ የወጣነው በየካቲት ነው። ኃላፊው በየቀኑ «ሰው እየጠበቀ ነው፣ ሰው እየጠበቀ ነው» ይላል። በሦስት ቀን ጨረስን። ምድሩ ደርቆ ገመዱን ስንጎትት አቧራ ይነሳ ነበር። እትዬ ሰዓዳ ያዩትን ሁሉ መዘገቡ፤ ግራር፣ ክትክታ፣ ደደሆ፣ ሬት። ስሌቱን መኪናው ውስጥ ሠሩት። ከግማሽ በብዙ ያንስ ነበር።

ሾላ በር ለማኅበሩ አልተሰጠም።

ሴቶቹ እልል አሉ። ሙሄ ልብሱን በፌስታል ይዞ ከአክስቱ ቤት ወጣና ከተማ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራየ። ከጓደኞቹ ጋር የቀን ሥራ መሥራት ጀመረ። እትዬ ሰዓዳ ስለዚህ ነገር ለእኔ አላወሩም። ብቻ ጧት መኪና ውስጥ ሲገቡ፣ «ሙሄን አየኸው?» ይሉኛል።

«አየሁት። ደህና ነው።»

«ከስቷል?»

«ኧረ አልከሳም።»

ከስቶ ነበር።

በቀጣዩ ክረምት ማብቂያ ላይ ለሌላ ሥራ በጉሎ ጋራ ሥር ስናልፍ፣ «እስቲ አንዴ አቁምልኝ» አሉ። መስኮቱን ዝቅ አድርገው ወደ ላይ ተመለከቱ። ጋራው አረንጓዴ ሆኗል። ወረዱና መውጣት ጀመሩ። ደብተርም ገመድም አልያዙም። መኪናውን ቆልፌ ተከተልኳቸው።

ብዙም አልራቁም። ትንሽ ወጣ እንዳሉ ቆሙ። ጎንበስ ብለው አንድ ሣር ነቀሉ፣ ከዚያ አጠገቡ ያለውን፣ ከዚያ ሌላ ትንሽ ቢጫ አበባ ያላትን። እኔም እንኳ አወቅኳቸው። ሾላ በር ላይ በመስከረም ያየናቸው ናቸው። በየካቲት እዚህ ስንመጣ ሁሉም ደርቀው፣ በንፋስ ተጠርገው፣ ዘራቸው አፈር ውስጥ ነበር። አንዱን ጋራ በአረንጓዴው ወራት፣ ሌላውን በደረቁ ወራት ነው የቆጠርነው።

እትዬ ሰዓዳ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሣሮቹን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። ፊታቸው ላይ ያየሁትን ነገር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁትም። እፍረት ነበር።

«እትዬ፣ መንገዱ ተዘግቶ እኮ ነው» አልኳቸው። «የእርስዎ ጥፋት አይደለም።»

«መንገዱን የዘጋሁት እኔ አይደለሁም። ወረቀቱን የፈረምኩት ግን እኔ ነኝ።»

«ነገሩ ካለቀ ስንት ጊዜው! ሾላ በርም ተርፏል። ማን ያውቃል ብለው ነው?»

ቀና ብለው አዩኝ። «አንተ አውቀሃል። እኔ አውቄያለሁ። አላህ ከሁላችን በፊት ያውቃል።» ከዚያ ሣሮቹን ሻሻቸው ጫፍ ላይ መቋጠር ጀመሩ። «የሚያሳፍረኝን ልንገርህ ደምሴ? ደረቅ መሆኑን ያን ጊዜም አይቻለሁ። ሣር በደረቅ ወር እንደማይታይ ማወቅ ሥራዬ ነው። ግን ቁጥሩ እንዲያንስ ፈልጌ ነበር። ያ ፈፋ እንዲተርፍ ፈልጌ ነበር። ስለፈለግኩ ነው ሳልጠይቅ ያለፍኩት።»

ጋራውን ወርደን መኪናው ውስጥ ገባን።

በሳምንቱ ስብሰባ አስጠሩ። አዳራሹ ሞላ፤ እትዬ አስካለ ከነሴቶቻቸው ፊት ተቀምጠዋል፤ ወጣቶቹ ከኋላ በግድግዳው ዳር ቆመዋል። ሙሄም አለ፤ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ወለሉን ያያል። እትዬ ሰዓዳ ተነሡ።

«ባለፈው ያቀረብኩት ቁጥር ስህተት ነው» አሉ። «ስህተቱ የማንም አይደለም፣ የእኔ ነው። አንዱን ጋራ ከዝናብ በኋላ፣ ሌላውን በበጋ ቆጠርኩ። በበጋ የማይታየውን የለም ብዬ ጻፍኩ።»

ከኋላ ያሉት ወጣቶች ማጨብጨብና ማፏጨት ጀመሩ። እትዬ አስካለ ብድግ አሉ።

«ሰዓዳ! በማርያም፣ ምን እያልሽ ነው? ሸጥሽን እኮ! ለእህትሽ ልጅ ብለሽ ሸጥሽን!»

ኃላፊው ከጠረጴዛው ጀርባ ተነሣና፣ «እንግዲህ ግልጽ ነው፤ ሁለቱ ጋራዎች ያው ናቸው ማለት ነው፤ ጨርሰናል» አለ።

«ይህንንም አላልኩም» አሉ እትዬ ሰዓዳ። «ስንቱ እንደሆነ አላውቅም ነው ያልኩት። ሁለቱም አሁን አረንጓዴ ናቸው። ሁለት ሳምንት ስጡኝ። ገመዱን ደግሞ ደምሴ አይዝም። አንዱን ጫፍ አስካለ ትያዝ። ሌላውን ሙሄ ይያዝ።»

እኔ ከገመድ ያዥነት የተሻርኩት እንዲህ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ መኪናዬ ኋላ ወንበር ላይ እትዬ አስካለና ሙሄ መስኮት መስኮት ይዘው፣ አንዳቸው ሌላውን ሳያዩ ሄዱ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከገመዱ ሌላ የሚያገናኛቸው አልነበረም። «ሳብ አድርጉት» ይላል። «ስቤዋለሁ፣ አንተ ነህ ያላላኸው» ይላሉ። እትዬ ሰዓዳ በመሐላቸው ተንበርክከው ያዩትን ጮክ ብለው ይጠራሉ፤ ሁለቱም የየራሳቸው ደብተር ላይ ምልክት እንዲያደርጉ ጠይቀው ነበር። በአራተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ሙሄ የማያውቀውን አንድ ሣር እትዬ አስካለ ስሙን ነገሩት፤ ላም ከበላችው ወተቷ እንደሚወፍርም ጨመሩለት። ጻፈው። አክስቱን ግን ከሥራው ሌላ አንድ ቃል አላናገራቸውም።

በጨረስን ቀን እዚያው ጉሎ ጋራ ሥር፣ መኪናዋ ጥላ ውስጥ ቁጭ ብለን እትዬ ሰዓዳ አሰሉት። ከግማሽ በላይ መጣ። ብዙ ባይሆንም በላይ ነው። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ሙሄ ሊነሣ ሲል፣ «ቆይ ቁጭ በል፣ አልጨረስኩም» አሉት።

የሾላ በርን ዝርዝር ለሁለት ከፈሉት። ፈፋው ውስጥ ከተተከሉት ገመዶች የተገኘውን ለብቻ፣ ከጋራው ደረቅ ትከሻ የተገኘውን ለብቻ አደረጉ። ከዚያ እያንዳንዳቸውን ከጉሎ ጋራ ጋር አስተያዩ። ደረቁ ትከሻ ከጉሎ ጋራ ጋር ሊገጥም ምንም አልቀረው። ፈፋው ግን ከጉሎ ጋራ ጋር የሚጋራው እፍኝ የማይሞላ ነበር። ወረቀቱን ደጋግመው አዩት። እኔም ከትከሻቸው በላይ አየሁት።

«ሁላችንም ተሳስተናል» አሉ። «አንድ ስም ስለሰጠነው አንድ ጋራ መሰለን። ሁለት ቦታ ነው።»

የቀረበው ሐሳብም ይኸው ሆነ። ድንጋዩ ከደረቁ ትከሻ ይወጣል፤ ፈፋውና ከሥሩ ያለው የሣር መሬት ለሴቶቹ ይቀራል፤ ከጉሎ ጋራም የጎደለውን ያህል ሣር ይጨመርላቸዋል። ኃላፊው አልወደደውም፤ ወሰን ማካለል ሥራ ያበዛበታል። ወጣቶቹ ሙሉውን ስለፈለጉ አጉረመረሙ። እትዬ አስካለም የጋራው ትከሻ ሲፈነዳ ንቦቹ ይሸሻሉ ብለው ለብዙ ጊዜ ተቆጡ፤ ጥቂት ቀፎም እውነትም ባዶ ሆነ። ግን ሁለቱም ወገን ገመዱን በገዛ እጃቸው ስለያዙ ቁጥሩን የሚክድ አልተገኘም። በጥቅምት ወሰኑ በነጭ ቀለም በድንጋይ ላይ ተሰመረ። ሙሄ ሥራ ጀመረ።

እትዬ ሰዓዳ ደግሞ የተሳሳተ ሪፖርት በማቅረባቸው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው። ከሃያ ዓመት በላይ ሲሠሩ የመጀመሪያቸው ነው። ደብዳቤውን መኪናው ውስጥ አነበቡትና አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

«ይግባኝ አይሉም?» አልኳቸው።

«የተጻፈው እውነት ነው እኮ» አሉ። ከዚያ ወደ አጣዬ መንገድ የጀመርነውን ሥራ እንድንቀጥል ነገሩኝ።

ማስጠንቀቂያው ማኅደራቸው ውስጥ እንዳለ ጡረታ ወጡ። ሙሄ ወደ ቤት አልተመለሰም፤ ግን በዒድ ይመጣል፣ አስቤዛ ይገዛላቸዋል፣ ጣራቸውን አስጠገነላቸው። የኩላሊት ሕመማቸው ሲጠና ሐኪም ቤት የሚያመላልሳቸው እሱ ነበር። እኔም አንዳንዴ እየሄድኩ እጠይቃቸዋለሁ። ስለ ሾላ በር ሲነሣ ሁለቱ አንድ ቤት ውስጥ ዝም ሲሉ አይቼ አውቃለሁ።

በለቅሶው ሦስተኛ ቀን ከዙህር ሰላት በፊት ሙሄ ከሰዎቹ መሐል ተነሥቶ ጠራኝ። «ሾላ በር ታደርሰኛለህ?» አለኝ።

«ዛሬ? ሰው እየመጣ እኮ ነው።»

«ማኅበሩ ዛሬ ይሰበሰባል። አንድ ሰዓት አይፈጅም።»

መኪናው ውስጥ ገብተን ከከተማ ወጣን። ለቅሶ ቤት ያልተናገረውን መንገድ ላይ ተናገረ።

«ያኔ፣ አዳራሹ ውስጥ ተሳስቻለሁ ከማለቷ በፊት ባለው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ የተከራየሁበት ቤት መጥታ ነበር» አለ። «ይህን ነግራህ ታውቃለች?»

«አልነገሩኝም።»

«ግቢ አልኳት፤ አልገባም አለች። በሩ ላይ ቆማ፣ ቁጥሩ ስህተት ነው፣ ነገ እናገራለሁ አለችኝ። ደስ ብሎኝ ላቅፋት ስል በእጇ ከለከለችኝ። ለአንተ ብዬ እንዳይመስልህ አለችኝ። ስህተቱ አንተን የሚጎዳ ሆኖ ቢገኝም እናገረው ነበር አለች። ይህን ብላ ሄደች።»

መስኮቱን ዝቅ አደረገ።

«ወላሂ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስቀየማት ኖርኩ ደምሴ። ሥራ በማጣቴ ሳይሆን በዚህ ነው። ለኔ ብላ እንድታደርገው ፈልጌ ነበር። አሳድጋኝ፣ እናት ሆናኝ፣ አንዴ እንኳ ለኔ ብዬ ነው ብትል ምን ነበረበት? ውሸት ቢሆንም።»

መሪውን ይዤ ወደ ፊት አየሁ። ሾላ በር ይታያል፤ አንደኛው ትከሻው ተቦርቡሮ ነጣ ብሏል።

«የዛሬው ስብሰባ ስለ ምንድነው?» አልኩት።

«በትከሻው ላይ ያለው ቀላል ድንጋይ አልቋል። ከዚህ በኋላ በጥልቀት መቆፈር ነው፤ ማሽን ይፈልጋል። ወሰኑ ተነሥቶልን ወደ ፈፋው እንግባ ብለን እናመልክት የሚሉ አሉ። ብዙ ናቸው። እሷ እስክትሞት አፍረው ነበር የቆዩት መሰለኝ።»

«አንተስ?»

«እኔ እቃወማለሁ።»

«ለእሳቸው ብለህ?»

መልስ እስኪሰጠኝ አስፋልቱን ጨርሰን ወደ ጥርጊያው ገባን።

«እንደሱ ይሉኛል» አለ። «አክስቱ ስለሆነች ነው ይሉኛል። ገመዱን ይዤ ሁለት ሳምንት ተንበርክኬያለሁ። እዚያ ውስጥ ያለው ሌላ ቦታ እንደሌለ በገዛ ደብተሬ ጽፌዋለሁ። የምላቸው ይህን ነው።»

አባላቱ በተገተረ ሸራ ጥላ ሥር ተቀምጠው ይጠብቁት ነበር። ሲያዩት ሁሉም ተነሥተው አቀፉት፣ አላህ ያጽናህ አሉት፣ አላህ ጀነትን ይስጣት አሉት። ከዚያ ተቀመጡና ስብሰባው ተጀመረ። እኔ ሞተሩን አጥፍቼ መኪናው ውስጥ ቀረሁ። የሚሉት አይሰማኝም፤ የሚነሣና የሚቀመጥ ሰው፣ የሚወራጭ እጅ ብቻ አያለሁ። ሙሄ ሁለት ጊዜ ተነሥቶ ሲናገር አየሁ። አንድ ልጅ እግር ሰውዬ ቆቡን መሬት ላይ ወርውሮ ሄደ፤ ተመልሶ መጣ። ከዚያ እጆች ወጡ። ከዚያ ሌሎች እጆች ወጡ። ከሁለቱ የትኛው እንደሚበልጥ ከሩቅ መለየት አልቻልኩም።

ሙሄ ከሌሎቹ ቀድሞ መጣ። በሩን ከፍቶ ገባና ቀበቶውን አሰረ።

«እንዴት ሆነ?»

«በሁለት ድምፅ ብልጫ ቀረ። ማመልከቻው አይገባም።»

«ጠባብ ነው።»

«ጠባብ ነው» አለ። «ዘንድሮን ያሳልፈናል።»

መኪናውን አስነሣሁ። ጥርጊያውን ወርደን አስፋልቱ ጋ ስንደርስ ክንዱን በዓይኑ ላይ አደረገ። ሦስት ቀን ሙሉ ሰው ሲያስተናግድ፣ ውኃ ሲያቀርብ፣ ሽማግሌ ሲቀበልና ሲሸኝ የዋለው ሰው፣ ያኔ ነው ያለቀሰው። ዳር ይዤ አቆምኩና እስኪጨርስ ጠበቅሁት።